ወንድሜ ያለበት ባሕር

ባሕር ያየሁት አንድ ጊዜ ከአውሮፕላን መስኮት ነው፤ እሱንም ደመና ሸፍኖት። ሆኖም የሕንድ ውቅያኖስ እንዴት እንዳደረ ብትጠይቁኝ ከጎረቤቴ ይልቅ የእሱን ደህንነት አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ የመርከብ መሐንዲስ ነው። ደሴ ተወልዶ ባሕር ዳር የተማረ፣ ዋና እንኳ ጣና ላይ የለመደ ልጅ፣ ዛሬ በጭነት መርከብ ሆድ ውስጥ ሞተር እየጠበቀ ውቅያኖስ ያቋርጣል።

ትንበያ ማንበብ የጀመርኩት ጄኔቫ ነው። ያኔ አንድ ዲፕሎማት ቤት ተቀጥሬ ልጆች እይዝ፣ ምግብ እሠራ ነበር። ወንድሜ የመጀመሪያ መርከቡ ላይ ሲወጣ፣ "ስልክ በማይሠራበት ቀን እዚህ ግቢና እዪኝ" ብሎ አንድ ድረ ገጽ ላከልኝ። ገጹ ሞቃታማዎቹን ውቅያኖሶች በየክፍላቸው እየለየ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ማዕበሉ ስንት ሜትር እንደሚደርስ፣ ነጎድጓዱ የት እንደሚበረታ ይናገራል። እንግሊዝኛው ደረቅ ነው፤ "አይዞሽ" የሚል ቃል የለበትም። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ሐይቁ ዳር ቁጭ እልና፣ ቢዝ የሚሉት የጄኔቫ ነፋስ ጆሮዬን እየቆረጠው፣ ወንድሜ በላብ የሚጠመቅበትን ባሕር አነባለሁ። ስዌል የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሌላ ቦታ የተነሳ ነፋስ የገፋው ማዕበል ነው፤ ነፋሱ ከሞተ በኋላ እንኳ ብዙ ቀን ተጉዞ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታ መርከብ ያናውጣል። ነገሩ አናደደኝ። ምንም ባላደረገ ሰው ላይ እንዲህ ከሩቅ መምጣት ምን ይሉታል?

እናታችን በየሳምንቱ ከደሴ ትደውላለች። "ባሕሩ እንዴት ነው?" ትለኛለች፣ የታመመ ዘመድ እንደምትጠይቅ ሁሉ። እኔም የአራት ሜትር ማዕበል አንብቤ ሳልጨርስ፣ "ጸጥ ብሏል፣ እማዬ" እላታለሁ። ለእናት ሌላ ምን ይባላል?

አሠሪዎቼ የሥራ ዘመናቸው አልቆ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ስንት ደጅ ጠንቼ የመኖሪያ ፐርሚት አገኘሁና ዙሪክ ገባሁ፤ አልትሽቴተን የሚሉት ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ቢሮ አጸዳለሁ። ጄኔቫ ሳለሁ ቢያንስ ልጆቹ ስሜን ይጠሩ ነበር። እዚህ ሠራተኞቹ ሳይገቡ ጨርሼ እወጣለሁ፤ ጠረጴዛቸውን እንጂ ፊታቸውን አላውቅም። አንዳንድ ሳምንት አፌን የምከፍተው ስልክ ላይ ብቻ ነው። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ባለፈው የበረዶ ወራት ወንድሜ ከደርባን ተነስቶ ወደ ሲንጋፖር ሲያቀና ትንበያው ተለወጠ። ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ አውሎ ነፋስ እየበረታ ነው፣ መርከቦች ይራቁ ይላል። በዚያው ሰሞን ወንድሜ መልእክት መላክ አቆመ። ኢንተርኔታቸው ደካማ ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ባቡር ውስጥ፣ ሊፍት ውስጥ፣ በማጸዳው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሳይቀር ስልኬን እከፍታለሁ። ማዕበሉ ስምንት ሜትር ደረሰ። ስወጣ የሕንፃውን ሁለተኛ ፎቅ ቀና ብዬ አየሁና፣ ውኃው እስከዚያ ሲቆም ታየኝ።

ደሴ ስደውል ስልኩን የምታነሳው አክስቴ ሆነች። አንድ ቀን "እናትሽ ጋደም ብላለች" ትለኛለች፤ ሌላ ቀን "ቤተ ክርስቲያን ናት"። እውነቱን ለመናገር እፎይ አልኩ። እናቴ ስለ ባሕሩ ብትጠይቀኝ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር።

እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ የምንለዋወጥ አንዲት የአፎልተርን ሰፈር ሴት፣ ባሏና ከሽሊረን ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ በፊት ማናቸውም ቤቴን አያውቁትም ነበር። ባልየው ገብቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ለአየር ከፍቼው የነበረውን መስኮት መዝጋት ጀመረ።

"ዞንታግ ነው፤ ጎረቤቶቹ ሀውስዋርቱን ይጠሩብናል" አላት ሚስቱን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዞንታግ እሑድ ነው፣ እዚህ ድምፅ ማሰማት የማይፈቀድበት ቀን፤ ሀውስዋርት ደግሞ የሕንፃው ተቆጣጣሪ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በተለይ ሰው አገር ላለ ሰው። ሰው ተሰባስቦ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው። መስኮቱ የሚዘጋው ለእኔ ጩኸት ነበር።

"ባሕሩ ነው አይደል?" አልኩ።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። "የምን ባሕር፣ ልጄ?"

"ወንድሜ..."

"ወንድምሽ ደህና ነው" አሉና እጄን ያዙኝ። "እናትሽ ናት። ካረፈች ሳምንት ሆናት። አይዞሽ።"

ጮኽኩ። ሴትየዋ ወገቤን አቅፋ አብራኝ አለቀሰች፣ እናቴን በዓይኗ አይታት የማታውቅ ሰው። ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኔን ውቅያኖስ ላይ ተክዬ ስጠብቅ ሞት በየብስ ሄዶ እናቴ ጋ ደርሷል። የደሴን የአየር ትንበያ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል። መርከባቸው አውሎ ነፋሱን በሰሜን በኩል ዞሮ ካለፈው ቆይቷል። ዝም ያለኝ በኢንተርኔት ችግር አልነበረም። መሐል ባሕር ድረስ ሄዶ የሚያረዳው ሰው ስለሌለ አክስቴ በጽሑፍ ነግራዋለች። ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ለብቻው አነበበው። ከዚያ በኋላ በዚያው በሚቋረጥ መስመር፣ ሰው በሰው እየጠየቀ፣ እኔ ከሰላምታ ያላለፍኳቸውን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አፈላልጎ ወደ ቤቴ ላከ።

"አንቺ እንኳ እንደኔ ለብቻሽ አትስሚ ብዬ ነው" አለኝ። "አሁንስ ሰው አለ አጠገብሽ?"

ክፍሉን አየሁት። ባልና ሚስቱ የሥራ ተራቸው ደርሶ ሄደዋል። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

"ሞልቷል" አልኩት። "መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ቆሟል።"

"ተመስገን" አለ ወንድሜ፤ ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የቻለው።