የእግረኛ መሻገሪያ

ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ የመጣች አንዲት ወጣት ሠራተኛ በሬን አንኳኳች። ልጆች በእግራቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን መንገድ ለማስተካከል በጀት ሊመደብ ነው አለችና ሠንጠረዥ የበዛበት ፎርም ዘረጋችልኝ። «መምህርት የሺ፣ እርስዎ አማርኛ ያስተማሩ ነዎት፤ ጽሑፉን ያሳምሩልን» አለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መካነ ሰላም ውስጥ የሚጻፍ ማመልከቻ ሁሉ እኔ ቤት ሳይደርስ አያልፍም፤ የሠርግ ጥሪ ሳይቀር። «የሚፈለገው የሥራ ዓይነት» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ነገ ነይ አልኳት። በማግሥቱ ስትመጣም ያንኑ ደገምኩላት።

እውነቱን ለመናገር፣ ማመልከቻ ማሳመር ከጠላሁ ቆይቻለሁ። የጠላሁት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

ሰፈራችን ከከተማው ማዶ ነበር። ትምህርት ቤት ለመድረስ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ቆሬ የምንለውን ወንዝ ተሻግሮ፣ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ነው። በበጋ ቆሬን ወንዝ ማለት ለክብሩ ያህል ነው፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን፣ እግራችን ሳይርስ እናልፈዋለን። ዝናብ ሲጀምር ግን ላይኛው አገር የጣለውን ሁሉ ይዞ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ሆኖ፣ ሰማዩም ጠርቶ ሳለ፣ ቆሬ ሲያጓራ ትሰማለህ።

የመንገድ ጓደኛዬ ዘይነባ ነበረች፤ የሸህ እንድሪስ ልጅ። አባቷ የሰፈራችንን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። በሒሳብ እሷ ትበልጠኛለች፣ በአማርኛ እኔ እበልጣታለሁ። እሷ የገብስ ቆሎ፣ እኔ የባቄላ አሹቅ ይዘን ዳገቱ አጋማሽ ላይ እንቀያየር ነበር። ሁልጊዜ የሌላ ሰው ስንቅ ይጣፍጣል።

በሚያዝያ አንድ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ቆሬ ዘይነባን ከፊቴ ጠለፋት። እኔ ጮህኩ እንጂ ሌላ ምንም አላደረግኩም። ከታች በሬዎቹን የሚያጠጣ ጎረቤታችን ዱላውን ዘርግቶ አወጣት። ደብተሮቿ ግን ሄዱ። ያን ቀን ማታ ሸህ እንድሪስ «ድልድይ ካልተሠራ ሰኔ ላይ አትሻገርም» አሉ፣ አበቃ። ሰኔ ማለት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ማለት ነው። ዘይነባ ፈተናውን ካልተፈተነች ትምህርቷ እዚያው ላይ መቅረቱ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ሩቅ ከተማ ላለው የመንገድ ሥራ ቢሮ ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ። ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ሸህ እንድሪስ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ «ወንዙ ልጆቻችንን ሊወስድብን ነውና ድልድይ ሥሩልን በይ። ይኸው ነው፤ ሌላ አታብዢ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ግን ለከተማ ሰው የሚላክ ወረቀት እንዲህ ተራ መሆን አለበት ብዬ አላመንኩም። በአባቴ ሬዲዮ ስለ መኪና አደጋ ሲነገር የሰማኋት አንዲት ቃል ነበረችኝ። «እግረኞች በእግረኛ መሻገሪያ ብቻ ተሻገሩ» ይላል ሰውየው፣ በዚያ ባማረ ድምፁ። አስፋልት አይቼ አላውቅም። መሻገር ሲባል ለኔ የሚታየኝ ውኃ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እግረኛ ብቻ የሚሄድበት የሚያምር ድልድይ አለ ብዬ ነበር የማስበው። ስለዚህ «ለተማሪዎች ደኅንነት ሲባል ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የእግረኛ መሻገሪያ እንዲሠራልን በትሕትና እንጠይቃለን» ብዬ ጻፍኩ። ወንዙን አላነሣሁትም። ቆሬን የማያውቅ ማን አለ?

ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ሽማግሌዎቹ «ማለፊያ!» አሉ። «ወላሂ፣ ይች ልጅ ትማር!» ያሉም ነበሩ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

በአገራችን ፈጥኖ የመጣ መልስ ቢኖር ያ ነው። በወሩ ተፈቅዷል የሚል ወረቀት ደረሰ። ሠራተኞቹ ይመጣሉ በተባለበት ቀን የሰፈሩ ሰው ሥራውን ትቶ ወንዙ ዳር ወጣ፤ ወንዶቹ ድንጋይ ከመሩ፣ ሴቶቹ ዳቦና ለጥማት የሚሆን ቀሪቦ ይዘው ወረዱ። እኔና ዘይነባ ከወንዙ ማዶ ትምህርት ላይ ነበርን። በእረፍት ሰዓት ስንወጣ መኪናቸው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሁለት ሰዎች ነጭ ቀለም በባልዲ ይዘው፣ አንዱ ኮረኮንቹን በጫማው እየፈተገ፣ «አስፋልቱ የታል?» ይላል።

«ወንዙ እኮ በዚያ በኩል ነው» አልኩት።

«የምን ወንዝ?» አለና ወረቀቱን አሳየኝ። የኔው ጽሕፈት ነው። «የእግረኛ መሻገሪያ» የምትለዋ ከሥሯ በቀይ ተሰምሮባታል።

ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እኛ እንግዲህ የታዘዝነውን ነው የምንሠራ፣ እመቤት» አለኝ። ኮረኮንች ላይ ቀለም አይይዝምና በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ድንጋይ ነጭ ቀቡ፤ የሚራመድ ልጅ የተሳለበት ምልክት ተከሉ፤ ሄዱ። በቀን ሁለት የጭነት መኪና ለሚያልፍበት መንገድ።

ማታ ለሸህ እንድሪስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «አብሽሪ፣ የሺ። አላህ ያልጻፈው አይሆንም» አሉኝ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። እንደገና ጻፍን፤ አሁን ወንዙንም ድልድዩንም እሳቸው እንዳሉት። መልሱ፣ የጠየቃችሁት መሻገሪያ ስለተሠራ ዳግመኛ በጀት አይያዝም የሚል ነበር።

ሰኔ ሊገባ ሲል እናቴ ከተማ አክስቴ ዘንድ እንድሰነብት ላከችኝ። ዘይነባ ጓዜን ተሸክማ እስከ ቆሬ ሸኘችኝ። ውኃው ገና አልሞላም ነበር። «ዱዓ አድርጊልኝ» አልኳት። «አላህ ያግራልሽ» አለችና ጓዜን አቀበለችኝ። ከአክስቴ ጋር አንድ መደብ ላይ እየተኛሁ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ፤ መምህርት ሆንኩ። እሷ ቀረች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዓረብ አገር ሄደች፤ ጉልበቷን እዚያ ጨርሳ ተመለሰች። አሁን እዚያው ሰፈራችን፣ በሠራችው ቆርቆሮ ቤት፣ ከወንድሟ ቤተሰብ ጋር ትኖራለች። የወንድሟ ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ቆሬን ትሻገራለች።

ፎርሙ በመጣ በሦስተኛው ቀን ገበያ ውስጥ ዘይነባን አገኘኋት፤ ሽንኩርት ትመርጣለች። ስለ ፎርሙ ነገርኳትና ዕድሜዬን ሙሉ ያልደፈርኩትን ጨመርኩበት፦ «ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። በዚያች ቃል።»

ሳቀች። «እስካሁን እሷን ይዘሽ ነው? ተይ እንጂ! ድልድይ ብለሽ ብትጽፊስ ይሠሩት ኖሯል?» ቀጥሎ ሽንኩርቱን አስቀመጠችው። «እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ጓዝሽን ይዤ የሸኘሁሽ ቀን፣ አብረን እንሂድ ትይኛለሽ ብዬ ነበር። አባቴንም አስፈቅጄ ነበር። ለቅያሪ ሁለት ቀሚስ ደርቤ ነው የመጣሁ።»

በአክስቴ መደብ ላይ ቦታ ጠፍቶ አልነበረም። አላሰብኩትም፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሁላችን የቢሮ መልስ ስንጠብቅ እሷ የኔን ትጠብቅ ነበር።

ፎርሙን ሞልቼ ሰጥቻለሁ። ቆሬን በስሙ ጠርቼ፣ ድልድይ ብዬ ጻፍኩ። ይሠራ አይሠራ አላውቅም፤ ተስፋ ማድረግም ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል። ያን ዕለት ገበያው ላይ ግን፣ ዘይነባ ሽንኩርቷን ቋጥራ ሳትነሣ፣ «የወንድምሽን ልጅ ሰኔ ሳይገባ ላኪልኝ፤ እኔ ዘንድ ሆና ትፈተን» አልኳት።

«ኢንሻአላህ» አለች፣ ፊቴን ሳታይ።

«እኔ ዘንድ» የምትለዋን ቃል ለማውጣት ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀብኝ፤ ስትወጣም ለሌላ ልጅ ሆነች።