ውቢትና ያየችውን የምትናገር ልጇ

ውቢት ዳንግላ ተወልዳ፣ ዳንግላ አድጋ፣ ጥርባ ተዳረች። ዳንግላ ጋሪ የሚመላለስበት፣ ሱቅና መሥሪያ ቤት ያለበት ከተማ ነው። ጥርባ ደግሞ ሴቶቹ ምንጭ ዳር በአውኚ ሲያወሩ ቆይተው፣ ውቢት እንስራዋን አዝላ ስትደርስ ወደ አማርኛ የሚዞሩበት አገር ነው። እነሱ ይህን የሚያደርጉት ለክብሯ ነበር። እሷ ግን ወሬው ስለ እሷ እንደነበር ማረጋገጫ አድርጋ ትወስደዋለች። እንዲህ ናት እንግዲህ፣ ማንም ሳይነካት የምታፍር ሴት። ወጧ ጨው ቢበዛበት ታፍራለች፣ ባሏ አዝመራው ማኅበር ላይ ጮክ ብሎ ቢስቅም ታፍራለች። እግዜር አንዳንዴ ይቀልዳል መሰለኝ፣ ለዚህች ሴት ይታይሽ የምትባል ልጅ ሰጣት።

ነገሩ የተጀመረው በጃንሆይ ጊዜ፣ ሃምሳዎቹ ሲገቡ ነው። ይታይሽ ጥርሷን እየነቀለች ያለች ልጅ ነበረች። አንድ ጠዋት እናትና ልጅ እሳት ሊጭሩ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ዋጋዬ ሄዱ። የዋጋዬ ላም ደጃፉ ላይ ቆማለች። ልጅቱ ላሚቱን ትኩር ብላ አየችና፣ «እትዬ ዋጋዬ፣ ላምሽ ልትሞት ነው» አለች፤ ልክ ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ልትሞት ነው።»

ውቢት ልጇን በክንዷ ጎትታ፣ «ልጅ ናት፣ አታውቅም፣ ይቅር በያት» እያለች ፍሙን እንኳ ሳትወስድ ወጣች። ላሚቱ ሳምንት ሳይሞላት ሞተች።

በዚያው ዓመት የአዝመራው ታላቅ ወንድም፣ አያ ስማቸው፣ ከቀፎው ሥር ቁጭ ብሎ ሳለ ይታይሽ መጥታ፣ «ንቦቹ ሊሄዱ ነው» አለችው። በማግስቱ ቀፎው ባዶ ሆኖ ተገኘ።

የእኛ አገር ሰው ላሚቱ ማመስኳት ካቆመች መሰንበቷን ልብ አላለም። እርግጥ ለንቦቹ ነገር እኔም መልስ የለኝም፤ ምን አይታ እንዳወቀች እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ከዚያ ወዲያ ይታይሽ ስታልፍ ወተት ይከደናል፣ ቅቤ የሚንጡ ሴቶች ቅላቸውን ወደ ጓዳ ያስገባሉ፣ እናቶች ነጠላቸውን በሕፃናቱ ፊት ላይ ይስባሉ። ግማሹ «ምላሷ ጥቁር ነው» አለ። ግማሹ «የለም፣ ዓይኗ ነው» አለ። በዚህ ተከራከሩ እንጂ ልጅቱ የምትፈራ በመሆኗ ላይ ሁሉም ተስማሙ።

ውቢት ጠበል አስጠመቀቻት፣ ክታብ አሠራችላት። በመጨረሻ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ገብረ ማርያምን ጠየቀች። «አባ፣ ይንገሩኝ፣ ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነች። ልጅ ያየውን ይናገራል።»

ውቢት በዚህ መልስ ይብስ አዘነች። ጋኔን ነው ቢሏት ጋኔን ይወጣል። ልጅዋ እንዲሁ፣ በተፈጥሮዋ፣ ሰው የማይፈልገውን የምትናገር ከሆነች ግን ምን ይደረጋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትነቱን ትታ ዘበኛ ሆነች። እንግዳ ሲመጣ ልጅቱ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። መንገድ ላይ አንገቷን ትደፋለች። ከንፈሯ የተንቀሳቀሰ እንደሆነ የውቢት ጣት ጭኗን ይቆነጥጣል። ኋላማ መቆንጠጡም አላስፈለገም፤ ውቢት አንድ ጊዜ ዓይኗን ካፈጠጠችባት በቂ ነበር። ይታይሽ አድጋ ቀሚሷ ሲያጥርባት፣ ሰዎች «ጨዋ ሆነች» ማለት ጀመሩ። ውቢት ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ደስታዋን ልደብቅላት አልችልም።

አዝመራው ብቻ ነበር ልጁን የሚጠይቃት። ማንም በሌለበት ወደ በሬዎቹ ይወስዳትና፣ «እስቲ እይልኝ፣ የትኛው ነው ያመመው?» ይላታል። በሹክሹክታ ትነግረዋለች። ስቆ ጭንቅላቷን ይደባብሳታል።

አሁን ስለ ፈረሱ ልንገራችሁ። በእኛ በኩል ሰው ከልጁ ቀጥሎ የሚወደው ፈረሱን ነው፤ ቀጥሎ ያልኩት ለይሉኝታ ነው። የአዝመራው ዳማ ፈረስ ደግሞ ለጥር ጊዮርጊስ ጉግስ የሚጠበቅ፣ ስሙ እስከ እንጅባራ የተሰማ ፈረስ ነበር። በዓሉ ሲቃረብ አያ ስማቸው መጣ።

«አዝመራው፣ ነገር ላበዛብህ አይደለም፤ ፈረስህን ከልጅህ ዓይን ሰውረው። እኔ በንቦቼ አይቼዋለሁ።»

አዝመራው ሳቀ። ውቢት ግን አልሳቀችም። በዚያው ቀን ጆንያ ከጆንያ ሰፍታ ጋጣውን ጋረደችው። ይታይሽም ለፈረሱ ሣር ማቅረቧ ቀረ። አዝመራው ፈረሱን እንደ ወትሮው ወደ መስክ ላውጣው ሲል፣ «በመድኃኔ ዓለም ይዤሃለሁ፤ ቢሰናከል በእሷ ነው የሚያሳብቡት፤ ሰው ምን ይለናል?» ብላ ለመነችው። ለእሷ ሲል ተወው። ፈረሱ በጨለማ፣ በራሱ እበትና ሽንት ላይ ቆሞ ሰነበተ። የቆመ ፈረስ ኮቴው እንደሚበሰብስ ጥርባ ውስጥ የማያውቅ የለም። በዚያ ሰሞን ግን ሁሉም ስለ ዓይን እንጂ ስለ ኮቴ አላሰበም።

የጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ወጣ። ይታይሽ አጥሩን ተደግፋ እግሯን እያየች ቆማለች። አዝመራው ሆዱ አልችል ብሎት ጠራት።

«ይታይሽ፣ ቀና በይ እስቲ። ፈረሴ እንዴት ነው?»

ቀና አለች። ፈረሱን ከራሱ እስከ እግሩ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗ ታች ላይ ቆመ፤ አፏንም ከፈተች። ውቢት ከበሩ ላይ አፈጠጠችባት።

«አላየሁም፣ አባዬ» አለች ይታይሽ።

ሜዳው ላይ አዝመራው ሁለት ዙር በደንብ ጋለበ። ከዚያ ፈረሱ ሲታጠፍ የፊት እግሩ ከዳው። ተገልብጦ በአዝመራው ላይ ተንከባለለ። እልልታው ተቋርጦ ጩኸት ሆነ። አዝመራውን በቃሬዛ አምጥተው ቤቱ አስተኙት። ወጌሻው መጥቶ የተሰበረ እግሩን እየሳበ አቃና፣ በቀርከሃ ስንጥር ጠፍሮ አሰረው።

በማግስቱ ውቢት ልጇን ጓሮ ወሰደቻት።

«አይተሽ ነበር?»

«አዎ። ፈረሱ ግራ እግሩን እሾህ እንደረገጠ ሰው ነበር የሚያሳርፈው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

ይታይሽ ጥያቄው ገርሟት እናቷን አየቻት። «አፈጠጥሽብኝ እኮ፣ እምዬ።»

ውቢት ከልጇ ጋር ብቻዋን ቆማ፣ ማንም ሳያያት፣ ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ከዚያም «የአባትሽ እግርስ?» አለቻት። ልጅቱ ሰው እንደሌለ ዙሪያዋን ካየች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠማማ ነው የታሰረው። አሁን ፈትተው ካላቃኑት እንደዚያው ይገጥማል። ፈረስም አይወጣ፣ እርሻም አያርስ» አለች።

ውቢት አመነቻት። ወጌሻውን መልሳ ልትጠራው ወሰነች። ከመሄዷ በፊት ግን እነ አያ ስማቸው፣ ዋጋዬና ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቁ መጡ፤ ሊጠይቁ ብቻ አልነበረም የመጡት።

«እንግዲህ ይበቃል» አለ አያ ስማቸው ከተቀመጠ በኋላ። «ንብ ነው አልን፣ ላም ነው አልን፤ አሁን ሰው ላይ ደረሰ። ጫግኒ አማቾች አሉኝ። ልጅቱን ልውሰዳት። ቆላ ነው፣ ሩቅ ነው፣ አያውቋትም፤ ሥራ እያገዘች ትኑር።»

ሁሉም ራሱን ነቅንቆ እሺታውን ሰጠ። ውቢት ተነሥታ ቆመች። ልጄ አይታ ነበር፣ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፣ እግሩም ጠማማ ታስሯል፤ ይህን ልትል ነበር። «አያ ስማቸው፣ እርስዎ...» ብላ ስትጀምር አዝመራው ከመደቡ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አቋረጣት።

«ይታይሽን ጥሩልኝ። እሷ ለእኔ ክፉ አትናገርም። እናንተው ፊት እግሬን ትይልኝ።»

ልጅቱ ገባች። የአባቷን እግር ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሰዎቹን አየች፤ አያ ስማቸው ጺሙን ይዞ ያፈጣል፣ ዋጋዬ ነጠላዋን በታቀፈችው ሕፃን ላይ ትስባለች። ይታይሽ ጉሮሮዋን ጠረገችና ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ቀጥ ብሎ ታስሯል፣ አባዬ። ይድናል። ለመጪው ጊዮርጊስ ትጋልባለህ።»

ከዚያ ዋጋዬ እልልታውን አቀለጠችው። አያ ስማቸው ብድግ ብሎ፣ «ካፍሽ ይቀበል፣ ልጄ! ካፍሽ ይቀበል!» እያለ ግንባሯን ሳማት። የጫግኒን ነገር ያነሳ አልነበረም።

ውቢት አሁንም እንደቆመች ናት። ልጄ ዋሸች፣ ወጌሻውን ጥሩ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ይህን ብትል ልጇ ዛሬውኑ ጫግኒ ናት፤ የራሷም ሥራ ይገለጣል። ሰዎቹ ደግሞ ወደ እሷ ዞረው ደስታዋን ይጠብቃሉ። እልል አለች። ድምጿ ከሁሉም ይበልጥ ነበር ይላሉ የነበሩ ሰዎች።

ጠላ ልትቀዳ ጓዳ ስትገባ ይታይሽ ተከትላት ገባች። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈካ ብሏል።

«እምዬ፣ አሁን ደኅና ተናገርኩ?»

ውቢት የጋኑን አፍ ይዛ ቆየች። በዕድሜዋ ብዙ ያፈረች ሴት ናት፤ የዚያን ቀኑን ያህል አፍራ ግን አታውቅም።

«ደኅና ተናገርሽ፣ ልጄ» አለቻት።

ከመጋረጃው ወዲያ አዝመራው ለመጪው ጊዮርጊስ ስለሚያሠራው ኮርቻ ለወንድሙ ያወራ ነበር።