በቁሙ ያስለቀስኩለት ሰው

ሰው መግደል ሥራዬ ነው። የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲ ነኝና አንዱን በመኪና፣ ሌላውን በመርዝ፣ አንዷን ደግሞ በሐዘን ገድያለሁ፤ መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ልጄን ትምህርት ቤት ከሸኘሁ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ። አንዳቸውም እንቅልፍ ነስተውኝ አያውቁም። ከእሱ በቀር።

እሱ በድራማችን ውስጥ ለአራት ዓመት ክፉውን ደላላ ሆኖ የሠራ ተዋናይ ነበር። የባልቴቶችን ይዞታ በሐሰተኛ ወረቀት የሚሸጠው ደላላ እሱ ነው። ሕዝቡ ደግሞ አመነው። መገናኛ ታክሲ ሲጠብቅ "ቤት አፍራሽ!" እያሉ ይገላምጡታል። ሲ.ኤም.ሲ አንዲት አትክልት ሻጭ "ላንተ የሚሆን ቲማቲም የለኝም" ብላ ባዶውን መልሳዋለች። እኔ ብሆን ቤቴ ገብቼ ተሸፋፍኜ አለቅስ ነበር። እሱ ግን ቀረጻ ቦታ መጥቶ እየሳቀ ይተርክልናል።

"ካልሰደቡኝ ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው" ይል ነበር።

ጭምት ነው። ሲያመሰግኑት አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ሰዓት ያከብራል፤ በእኛ ሙያ ይኼ ብቻውን ሰው ያስጠላል። የጻፍኩለትን ንግግር ይረሳና ከራሱ ይጨምርበታል፤ የጨመረው ከእኔ ስለሚሻል እናደዳለሁ። ቅዳሜ ግን ወርቅ ቢነጠፍለት አይቀረጽም። ሁላችንም "የደበቃት ሴት አለችው" እንል ነበር።

ሴቶችስ ነበሩት። አምስት ናቸው፤ ትንሿ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

የደረስኩበት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቅዳሜ ኮተቤ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ ከሰል በማዳበሪያ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አየሁትና ተከተልኩት። አስፋልቱ አልቆ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ከእንጦጦ ሥር ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ አምስት ዓይነ ስውር እናቶች ይኖራሉ። ለጠበል ከየገጠሩ መጥተው፣ ያመጣቸው ዘመድ ተመልሶ ሳይወስዳቸው የቀሩ ናቸው። ቤቱን የተከራየላቸው፣ የምታበስልላቸውን ሴት የቀጠረላቸው እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ልብሳቸውን ያጥባል፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣል፣ ሲጣሉ ያስታርቃል። ኮተቤ መምህርነት ተምሮ ስለነበር አስተማሪ ነኝ ብሏቸዋል። እነሱም "አስተማሪው ልጃችን" ይሉታል።

"ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?" አልኩት ቁልቁል ስንወርድ።

"በዚህ ከተማ የማይሰድቡኝ አምስት ሰዎች እነሱ ብቻ ናቸው። ተይኝ በናትሽ። ለማንም እንዳትናገሪ ማይልኝ" አለኝ። ማልኩለት።

በአራተኛው ዓመት ጣቢያው ደላላው የእጁን ያግኝ አለ፤ ተመልካችም ይህንኑ ይጮህ ነበር። ልገድለው ወሰንኩ። ሲሰማ አልተከራከረኝም።

"ግደይኝ፤ ለቅሶው ግን አይታይ። ለቅሶ የሚቀለድበት ነገር አይደለም።"

"የተማርክ ሰው ሟርት ትፈራለህ?" ብዬ ሳቅኩበት። እሱ ዝም አለ። ያን ዝምታ እሺታ አድርጌ ወሰድኩት፤ ሲመቸኝ እንዲህ ነኝ።

ለቅሶውን ኮተቤ ድንኳን አስጥለን ቀረጽነው። እሱ አልነበረም፤ ሳጥኑ ባዶ ነው። እውነተኛ አልቃሽ ከእንጦጦ ማዶ አስመጥተን ነበር፤ ጠይም፣ ቁጡ ሴትዮ። ካሜራው መቅረጽ ከጀመረ በኋላ አፏን ዘግታ ቆመች።

"ሟቹ ምን ደግ ነገር ሠርቷል?" አለችኝ።

"ምንም። ሌባ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ለሌባ ሙሾ አላወርድም። ለባዶ ሰው አይለቀስም።"

ዳይሬክተሩ ይጮሃል፣ ፀሐይዋ እየሸሸች ነው። በጆሮዋ የማልኩበትን ነገር ነገርኳት። ዳገቱን፣ ቅዳሜን፣ እናቶቹን። ዓይኗ እንባ ሞላና አወረደችው፦

"ቅዳሜ በጠዋት ዳገቱን የሚወጣ፣
የዓይነ ስውሮች ልጅ ምነው ዛሬ ታጣ?"

ድንኳኑ ሙሉ ሰው የምሩን አለቀሰ። ቀረጻውን ስንቆርጥ ዳይሬክተሩ ሙሾው ይውጣ ቢል አይውጣ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ክፉ ሰው የደበቀው ደግነት ነበረው ቢባል ድራማው ይጣፍጣል ብዬ። ይኸው፣ እውነቱ ይኼ ነው፤ የጓደኛዬን ምስጢር ለጣዕም ጨመርኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በድጋሚ ተላለፈ። እናቶቹ ቴሌቪዥን የላቸውም። ጎረቤታቸው ጠላ ሻጯ ግን የሷን ከፍታ ትታ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። እናቶቹ በግድግዳው በኩል ዋይታ ሰሙ። የጎረቤት ለቅሶ ተሰምቶ ቁጭ አይባልም። የምታበስልላቸው ሴት ገበያ ስለነበረች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዷ የአንዷን ትከሻ ይዘው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄዱ። ለቅሶው ከሚሰማበት ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። "ማን ነው የሞተው?" ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው የለም። ከዚያ ሙሾው ወረደ።

ጎረቤቲቱ እጇ በሳሙና እንደተነከረ ስትገባ አምስቱም ደረታቸውን ይደቃሉ። "ኧረ እማማ፣ ድራማ ነው!" ብላ ማለች፣ ተገዘተች። አራቱ እያመነቱም ቢሆን አመኗት። ትልቋ እማማ ግን አላመኑም።

"በድራማ የኔን ልጅ ማን ያውቀዋል?" አሉ። እስከ ቅዳሜ እህል በአፋቸው አልዞረም።

ቅዳሜ ሲመጣ እማማ ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ በጥፊ መቱት፤ ከዚያ አቅፈው አልለቀቁትም። እሱም ሁሉንም ተናዘዘላቸው፤ ተዋናይ መሆኑን፣ ለቅሶውን የጻፈችውም ጓደኛው መሆኗን። ይህን ሁሉ ሰኞ ዕለት ቆሞ ነገረኝ። አልጮኸም፤ ቢጮህ በተሻለኝ።

"ሁለት ነገር ነበር የለመንኩሽ" አለኝ። "ሁለቱንም በአንድ ቀን።"

ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ አላናገረኝም። ብደውል አያነሳም። ኩራቴም አላስኬድ ብሎኝ "ይበርድለት" እያልኩ ቀኑን ገፋሁ። ሞኝነቴን ሳስበው አሁንም ያመኛል፤ ያ ሁሉ ቅዳሜ የት እንደሚገኝ እያወቅሁ አንድ ቀን እንኳ ዳገቱን አልወጣሁም።

በመጨረሻ የደወለልኝ ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ነው። ጉበቱን ነበር። ያን የሚያህል ሰው አልጋው ውጦታል፤ ዓይኑ ብጫ ሆኗል።

"ይቅር በለኝ" አልኩት ገና ከበሩ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር። አሁን ተቀመጭና ስሚኝ። እንደማልነሳ ነግረውኛል። የእናቶቹን ቤት እህቴ ትይዘዋለች። መርዶውን ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው።"

"ለምን እኔ?"

"ሌላ ሰው ቢነግራቸው ድራማ ነው ይላሉ። ደራሲዋ እውነት ነው ካለች ግን ያምናሉ። ሳያምኑ በር በሩን እንዳይጠብቁኝ። እሱን ነው የምፈራው።"

እሺ አልኩት። ይኼኛውን እንደማልሰብር ለራሴም ነገርኩት። ከአራት ቀን በኋላ አረፈ። ቀብሩ ላይ የሰደበው ሁሉ መጥቶ አለቀሰ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ የሠራቸው ድራማዎች ተዘረዘሩ፤ ስለ ዳገቱ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም።

በማግስቱ እህቱን አስከትዬ ወጣሁ። መርዶ በወጉ በሽማግሌ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው፤ እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በሩ ላይ ቆሜ ማንነቴን ነገርኳቸውና መርዶውን ጀመርኩ። አራቱ ቃሌን ሳልጨርስ ዋይታቸውን አቀለጡት፤ እህቱም አብራቸው ወደቀች።

ትልቋ እማማ ካሉበት መደብ ንቅንቅ አላሉም። ነጠላቸውንም አላዘቀዘቁም። እጃቸውን ሰደው ፊቴን አገኙት፣ ዳሰሱት፣ እንባዬን በአውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ።

"ያኔም የገደልሽው አንቺ ነሽ አይደል?" አሉኝ።

"አዎ እማማ። የዛሬው ግን እውነት ነው። እኔው ራሴ ቀብሬው መጣሁ። እመኑኝ።"

እማማ ፈገግ አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ያጠፋ ልጅ እንደሚመክሩ ነበር።

"አይበቃሽም እንዴ ልጄ? ተይ ግድ የለም፣ ቅዳሜ ሲመጣ እነግርብሻለሁ።"