ከእሬት ማር የምትቀስመው ወፍ

ዛሬ ጠዋት፣ ጅዳ፣ በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ጓሯችን፣ እሬቱ ማበቡን በታላቅ የኃላፊነት ስሜት አስታውቃለሁ።

ብርዱ ሲገባ ነው የሚያብበው። (ብርድ ከተባለ። ጅዳ ነን እንግዲህ።)

በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ጅዳ ልጅ ሳለሁ፣ ይህ እሬት የመንግሥት ጉዳይ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሠራው ጎረቤታችን አቶ ታደሰ በየማለዳው የርቀት መነጽሩን ወደ ጓሯችን ይደግን ነበር።

እማዬ "ጆሮ ጠቢ ነው" ብላ ቆረጠች። ደሴ ያለውን ወንድሟን ያሳስርብኛል ብላ ደብዳቤ መጻፍ ሁሉ ተወች።

አንድ ቀን አላስችል አላትና፣ "አቶ ታደሰ፣ እኛ ጓሮ ምን ጠፋብዎ?" አለችው።

"ወፏን እያየሁ ነው፣ እህቴ። ከእሬቱ አበባ ማር ትቀስማለች።"

"ከእሬት ማር? ወላሂ፣ እነዚህን ልጆች ጡት ያስጣልኳቸው በእሬት ነው! ውሸትም እኮ ይመረጣል!"

ኸላስ፣ አለቀ፣ ማስረጃ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ከቤታችን አቶ ታደሰን ሰላም ያለው ሰው የለም።

ለአጎቴም ኋላ "ደብዳቤህን ደርግ በልቶት ነው" አልነው።

ዛሬ ወፏ መጣች። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ምንቃረ ቀጭን። አበባው ውስጥ ምንቃሯን ስትነክር አየኋትና አንዱን ቀጥፌ ለእማዬ ሰጠኋት። ቀመሰችው።

"ይጣፍጣል" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ግን መነጽሩን ማን ሰጠው?"

እናንተስ ቤት ያለ ጥፋቱ ጆሮ ጠቢ የተባለ ማን ነበር? ተናዘዙ።

ማረሚያ፦ ደሴ ለሚገኘው አጎቴ። ያን ዓመት ደብዳቤ ያልደረሰህ በደርግ ሳይሆን በወፍ ምክንያት መሆኑ ታውቆ እንዲስተካከል ይሁን።