ቁንጭሬን እርግማን ነው ያላሉት ጋሼ ይኸነው

ዛሬ ጠዋት የጋሼ ይኸነውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሳየው ጡረታ የወጡ መስሎኝ "እንኳን ደስ አለዎት" ልጽፍ ነበር። ከሥሩ ግን "ነፍስ ይማር" ይላል። እህቴ ጋ ደወልኩ። "ልባቸው ነው አሉ፤ ቁጭ ባሉበት" አለችኝ። እስካሁን አላመንኩም።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ይኸነው ብቸና የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። ጎረቤታችንም ነበሩ።

የምታውቋቸው ደግሞ ዛሬ አፋችሁ ጣፍጧል። "አባታችን"፣ "ባለውለታችን" የምትሉት እናንተ አይደላችሁም እንዴ "ይኼ ደም ቀጂ" ስትሏቸው የነበራችሁት? የላቦራቶሪ ክፍላቸውን የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ያደረገባቸው አለቃም ሻማ ለጥፏል። ሻማውን እንኳ ከኢንተርኔት ነው ያወረደው።

እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከታጨሁ በኋላ ጉንጬ ላይ ቁንጭር ወጣብኝ። መጀመሪያ ብጉር ይመስል ነበር፤ ከዚያ ቆሰለና ወደ አፍንጫዬ ተስፋፋ። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። "የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው" ያለ አለ፤ በጋለ ብረት እንተኩሳት ያለም አለ። ጋሼ የሁልጊዜ ንግግራቸውን ተናገሩ፦ "ወሬውን ተዉትና ስላይዱን እንየው!" ከቁስሌ ጠርዝ በምላጭ ፍቀው፣ ስላይድ በሚሏት ስስ መስታወት ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ አዩት። "የአሸዋ ዝንብ ያመጣው ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ መርፌ አለው" አሉኝ። መርፌው በየቀኑ ነበር፤ መቀመጥ እስኪያቅተኝ።

በዚህ መሀል የእጮኛዬ እናት ከሞጣ መጡ። ቤታችን ተቀምጠው፣ አባቴ እየሰማ፣ ጣታቸውን ፊቴ ላይ ቀሰሩ።

"ከእህቷ ጋር አንድ መደብ ላይ ነው የምትተኛው። እህቷን ትቶ እሷን ለይቶ የመታት እግዜር ነው። የተረገመች ለልጄ አላመጣም።"

እጮኛዬ አጠገባቸው ሆኖ ጫማውን ያያል። ወንድ!

አባቴ ጋሼን አስጠራቸው። ጋዋናቸውን እንደለበሱ መጡ።

"እሜቴ፣ ዝንቡ እህቷንም ነክሷታል። ክንዷ ላይ ትንሽ ወጥቶባት በራሱ ጊዜ ጠፋ። ነጭ የደም ሴላችን ላይ ጥገኛውን የሚለይበት ተቀባይ አለ፤ ሪሴፕተር ይሉታል። ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዱ ሰው ተቀባይ ጠላት መሆኑን ቶሎ ያውቃል፤ የአንዱ እንግዳ መስሎት አስገብቶ ያሳድረዋል። ሌላም ምክንያት ይኖራል። ኃጢአት ግን በማይክሮስኮፕ አይቼ አላውቅም።"

"ይኼ ተቀባይ ያልከው ከየት ይመጣል?"

"ከእናት ከአባት ይወረሳል።"

"አላልኳችሁም? በዘር ነው!" ብለው ብድግ አሉ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ለእኔም ያለቀ መሰለኝ። ጋሼ ግን ሴትዮዋን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ቀስ ብለው ጠየቁ።

"እሜቴ፣ ጆሮዎ ሥር ያለው ጠባሳ የምንድን ነው?"

ሴትዮዋ ሻሻቸውን ሳብ አደረጉ። "የልጅነት ነው።"

"ቁንጭር ነው። እንዲህ ያለውን ጠባሳ ስንት ዓመት በሽተኛ ላይ ሳየው ኖሬ አልስተውም። እርስዎንም ይዞዎት ነበር፤ ሰውነትዎ ቶሎ አሸነፈው። የእርስዎ ጽድቅ አይደለም፤ የእሷም እርግማን አይደለም። ወይስ ለልጅዎ ሊያጩ ሲመጡ ይኼን ተናግረው ነበር?"

እጮኛዬ ቀና ብሎ የእናቱን አንገት አየ። እሱም አያውቅም ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሽማግሌ ላኩ፤ "ልጅቷ ከዳነች እንቀጥላለን" ብለው። ከዳነች! እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጫማውን እያየ ይኑር።

እና እናንተ፣ ያን ሰሞን ማኅበር ላይ በጠጣሁበት ጽዋ አንጠጣም ያላችሁት፣ ዛሬ "እውቀታቸውን ያካፈሉን" ትላላችሁ። መቼ ተቀበላችሁና?

ጋሼ፣ ያን ቀን በር ድረስ ስሸኝዎት ማመስገን አቅቶኝ "ጭቃው እንዳያንሸራትትዎ" ብቻ ነው ያልኩዎት። እርስዎም "ነገ መርፌሽን እንዳትቀሪ" ብለውኝ ሄዱ። አልቀረሁም። አንድም ቀን አልቀረሁም።

መንገድ ላይ ነኝ፤ አሁን ደጀን ደርሻለሁ፤ ለቀብርዎ እደርሳለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እመጣለሁ፤ ፊቴን ግን አልሸፍንም። አመሰግናለሁ ጋሼ። በደህና ይሂዱ።