ዛጎሉን ክፈቺ፤ ሥሩን ጥሪ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ የሞተ ላፕቶፕ በሥር የሚያስነሳ ሐበሻ አለ ይባላል። ስሙ ተካልኝ ነው። ሥሩን ከየት እንደሚምስ ግን ወሬው አልተስማማም፤ አንዳንዱ ከካሩራ ጫካ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣለታል ይላል። ክታቡን ግን ሁሉም አይቶታል። ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጫፉ ብረት ነው፤ ላፕቶፑ ጎን ሲሰካው የሞተው ይነሳል። ባለፈው ደግሞ ንጎንግ ሮድ ላይ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ የሄደበትን ላፕቶፕ አመጡለት። ሁለት ቃል ቢያጉረመርምበት ብድግ ብሎ የባለቤቱን የዓመት ግብር ራሱ ሞልቶ ላከ አሉ። ይህን የነገረን ሰው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብሎ ምሏል። የማለው በስልክ ስለሆነ ፊቱን አላየንለትም።

ተካልኝን በቅርብ የምናውቀው ግን መጠራጠራችን አልቀረም። ሥር ያለው ሰው ዝናብ እየወረደበት አርባ ደቂቃ ማታቱ ይጠብቃል? የራሱ ስልክ መስታወት ተሰነጣጥቆ በፕላስተር አስሮት ይዞራል? የቤት አከራዩ በዓመት ሁለቴ ኪራይ ሲጨምርበት አንዲት ቅጠል እንኳ ሲበጥስ አልታየም።

ተካልኝ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ናይሮቢ ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። የአንድ ነጋዴ የቅመም መጋዘን ኃላፊ ነው። በሥሩ በርበሬ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ አሉ፤ ሰው ግን የለም። ከስምንት ዓመት በፊት ከርካሽም ርካሽ የሆነ ላፕቶፕ ገዛ። ማብሪያውን ተጭኖ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቁርሱን በልቶ ሲመለስ፣ ላፕቶፑ ገና «እንኳን ደህና መጡ» እያለ ነበር። ሂሻም የሚባል የሞምባሳ ሰው ጎረቤቱ አዘነለትና ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም በፍላሽ አድርጎ ሰጠው። ነፃ ነው፣ ሸክሙ ቀላል ነው፣ አቅም ለሌለው ማሽን ይሆናል። ተካልኝ ጫነው። ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ ለመላጨት ጊዜ አልሰጥ ስላለው ይኸው ጢሙን አሳድጎ ቀረ። ፍላሹንም እንዳይጠፋበት ከማተቡ ጋር አሰረው። ክታብ የተባለው እሱ ነው።

አንድ ክፉ ልማድ ግን አለበት፤ የኮምፒውተርን ነገር በእንግሊዝኛ መናገር አይወድም። «አማርኛ ምን ጎደለው?» ይላል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ፈረንጆቹ ሼል ስለሚሉት፣ እሱ «ዛጎል» ይለዋል። በማሽኑ ላይ ሁሉን ማዘዝ የሚችለው ተጠቃሚ ሩት ስለሚባል «ሥር» ሆኗል። አንድ ፕሮግራም የሚያስነሳቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ፈረንጆቹ ፕሮሰስ የሚሏቸው፣ «ልጆች» ናቸው፤ ማቆም ደግሞ «መግደል» ነው። ይህን ሁሉ መጋዘን ውስጥ ለበርበሬው ሲነግረው ማንም አልተጎዳም።

የተጎዱት እትዬ ሠናይት ናቸው። እትዬ ሠናይት ኪሊማኒ ምግብ ቤት አላቸው። ልጃቸው ቤቲ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በዳታ ትምህርት ተመርቃ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልግ ከርማለች። በመጨረሻ ጊጊሪ ያለ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ለፈተና ጠራት። ፈተናው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በኢንተርኔት፣ ካሜራ በርቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያመለጠው አመለጠው። የቤቲ ላፕቶፕ ደግሞ የጥሪውን ኢሜይል ለመክፈት ከዓርብ እስከ ቅዳሜ ያሰበበት ዓይነት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተካልኝ ሊኑክስ ጫነላት። ላፕቶፑም እንደ ልጅ መሮጥ ጀመረ።

ማክሰኞ ቤቲ ምግብ ቤቱ ጥግ ተቀምጣ የመለማመጃ ፈተና ስትሞክር ብራውዘሩ ደርቆ ቀረ። ለተካልኝ ደወለችና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው። እትዬ ሠናይት አጠገቧ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«ጋሼ ተኬ፣ ብራውዘሩ ስታክ አድርጓል፣ ናፋንያ ኒኒ? ምን ላድርግ?»

«አትደንግጪ። ዛጎሉን ክፈቺ።»

«ከፈትኩ።»

«ሥሩን ጥሪ።»

«መጣ።»

የሽንኩርቱ ቢላዋ ቆመ።

«ልጆቹን ቁጠሪያቸው። ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ሁሉንም ግደያቸው። አባትየው ብቻውን ሲቀር ይለቃል።»

«ጋሼ፣ አንዱ አልሞትም አለ!»

«በዘጠኝ ግደዪው! በዘጠኝ ተገድሎ የተረፈ የለም።»

ዘጠኝ የትእዛዙ ቁጥር ነው። ቤቲ በዘጠኝ ገደለችው፤ ብራውዘሩም ተለቀቀ። እትዬ ሠናይት ግን ተያዙ።

«ማሚ፣ ዌይት! ፕሮሰስ እኮ ነው የገደልኩት!»

«ፕሮሰስስ ቢሆን የሰው ልጅ አይደለም?!»

ከመደርደሪያው የጠበሉን ጠርሙስ አውርደው ላፕቶፑ ላይ አርከፈከፉበት፤ አርከፍክፈው አላረካ ቢላቸው ገለበጡበት። ከዚያ በነጠላ ጠቅልለው በታክሲ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ መልአኩ ገሰገሱ። ታክሲው ውስጥ ለአራት ሰው ደወሉ። ወሬው ከታክሲው ቀድሞ የቄሱ ሰፈር ዌስትላንድስ ደረሰ፤ እሱን የሚይዘው ትራፊክ የለማ።

«አባቴ፣ ዛጎል አስከፈታት! ሥር አስጠራት! ሰባት ልጅ በአንድ ቀን አስገደላት!»

ቄስ መልአኩ ነጠላውን ገለጥ አደረጉት። ከላፕቶፑ ጠበል ይንጠባጠባል።

«የማንን ልጆች?»

«ፕሮሰስ የሚሉትን ሰውዬ።»

«ፕሮሰስ የሚባል ሰው በደብሩ መዝገብ የለም። ይልቅ ይህን ዕቃ ማን አጠመቀው?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ውሃ አይወድም ልጄ። ሂጂና ለቤቲ መልሽላት። ቶሎ በይ።»

እትዬ ሠናይት የንስሐ አባታቸውን ቃል ያከብራሉ፤ «ቶሎ» የምትለዋን ግን በራሳቸው መንገድ ተረጎሟት። ላፕቶፑ በደንብ ይድረቅ ብለው ረቡዕን ሙሉ ከጤፍ ዱቄቱ ጋር ዕቃ ቤት ቆለፉበት። ቤቲ ለመነች፣ አኮረፈች፣ በሁለት ቋንቋ አለቀሰች፤ ቁልፉ ከመቀነታቸው አልወጣም። ያስረከቧት ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ላፕቶፑ በራ። ከፊደሎቹ ግን አምስቱ እምቢ አሉ፤ ስፔስ ባሩ ጭራሽ አልነቃነቅ አለ።

«ጋሼ ተኬ፣» አለች በስልክ፣ «ስፔስ ባሩ ሞቷል።»

«እሱን እንኳ እኔ አላስገደልኩም፣» አለ ተካልኝና የመጋዘኑን ኮምፒውተር ኪቦርድ ነቅሎ ብብቱ ሥር ወሸቀ። በሁለት ማታቱ ተሳፍሮ፣ የቀረውን ሮጦ፣ ለአራት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። ሰካው። ሊኑክሱም ከየት መጣህ፣ መታወቂያህን አሳይ ሳይል ተቀበለው።

ችግሩ ኪቦርዱ ስምንት ዓመት በርበሬ መካከል የኖረ መሆኑ ነው። ቤቲ አንድ ፊደል በነካች ቁጥር ቀይ ብናኝ ቡን ይላል። አንደኛውን ጥያቄ በማስነጠስ፣ ሁለተኛውን በእንባ፣ ከሦስተኛው በኋላ ያለውን በሁለቱም ሠራችው። ከጊጊሪ በካሜራ የምትቆጣጠራት ሴት ግራ ገብቷት «ደህና ነሽ? ማቋረጥ ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጻፈችላት። ቤቲ «ደህና ነኝ፣ በርበሬ ነው» ብላ መልሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከበሩ ውጭ ተካልኝና እትዬ ሠናይት ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ከውስጥ ማስነጠስ በተሰማ ቁጥር ግን ሁለቱም እኩል «ይማርሽ» ይሉ ነበር።

በሳምንቱ መልሱ መጣ። ቤቲ ፈተናውን አልፋ ለኢንተርቪው ተጠራች።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ሠናይት ተካልኝን አስጠርተው የክብር ቦታ አስቀመጡት፤ ጥብስ ራሳቸው አቀረቡለት። ቤቱ ሙሉ ነው። ከእንግዶቹ ሦስቱ የተዘጋ ላፕቶፕ ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። እትዬ ሠናይት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ እስከ ማድ ቤቱ በሚሰማ ሹክሹክታ፣

«አንተ ተካልኝ፣» አሉት፣ «ያለፈው አለፈ፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን። ኢንተርቪው ማክሰኞ ነው። ከዚያችው ሥር ትንሽ... ለልጅቷ...»

ማንኪያ ሁሉ ቆመ። ተካልኝ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

«እትዬ ሠናይት፣ ሥር ምሼ አላውቅም። ክታብም የለኝም። የሞተ ላፕቶፕ አንድም ቀን አስነስቼ አላውቅም፤ የቤቲም ላፕቶፕ አልሞተም፣ አቅሙ ትንሽ ነው እንጂ። ፈተናውን ያለፈችው ቤቲ ናት።»

እትዬ ሠናይት ላፕቶፕ ወደታቀፉት እንግዶች ዞረው፣ «ሰማችሁ? እውነተኛ ባለ ሥር ሥር አለኝ አይልም!» አሉ።