እሑድን ያስቀደምኩበት ወረቀት

ከጥንቱ የከተማችን በር፣ ከኤረር በር፣ እስከ አዲሱ ከተማ ድረስ ኮምፒዩተር ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም። መተየብ የተማርኩት አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን የጽሕፈት መኪና ጠግኜ ነው፤ ኮምፒዩተሩንም እንዲሁ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁና እያስተካከልኩ ቻልኩት። ባለ ዲግሪዎቹ ሲጨንቃቸው "አባባ፣ እስቲ ይምጡልን" ይሉኛል፤ ሰባ ዓመት አልፎኝም መነጽሬን አድርጌ እሄዳለሁ። አሁን የምጽፈውን ስሕተት የሠራሁትም ከዕውቀት ብዛት ነው።

አንድ የግል ክሊኒክ የቀጠሮ ወረቀት አለው። የወሩ ቀናት፣ ለአንድ ሳምንት አንድ ረድፍ ሆነው፣ በሳጥን ተደርድረው ይታተማሉ፤ ነርሷ የቀጠሮውን ቀን በቀይ ትከብባለች። ኮምፒዩተሩ የእንግሊዝ አገር ቅንብር ስለነበረው ሳምንቱ ከሰኞ ይጀምር ነበር። ወደ አማርኛ እንድቀይረው ተጠራሁ። "አማርኛ፣ ኢትዮጵያ" የሚለውን ስመርጥ ሰኞ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ሸሸ፤ እሑድ ፊት መጣ።

"አባባ፣ ተበላሸ እንዴ?" አለች ነርሷ።

"ተስተካከለ እንጂ! ረቡዕ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ረቡዕ ነዋ።"

"አራተኛ ማለት ነው። ከሰኞ ስትቆጥሪ ስንተኛ ይመጣል?"

በጣቷ ቆጠረች። "ሦስተኛ።"

"አየሽ! እሑድ ካልቀደመ ረቡዕ ስሙን ያጣል። ማሽኑ እንኳ የእኔን ያህል ያውቃል።"

"እኛ ግን ሳምንት የምንጀምረው ሰኞ ነው" አለች።

"እናንተ ሰኞ የምትጀምሩት ደመወዝ መጠበቅ ነው" ብዬ አሳቅኳት። ወረቀቱ እኔ እንዳልኩት ታተመ።

ኤረር በር አጠገብ ኦቾሎኒ የሚሸጡ አረጋዊት ጎረቤት አሉኝ። እንደ ሰፈሩ ሰው፣ እናት ለማለት፣ "አዴ" እላቸዋለሁ። ፊደልም ቁጥርም አያነቡም። ኦቾሎኒያቸውን በመደብ በመደብ ከምረው እንደሚቆጥሩት፣ የቀጠሮውን ሳጥኖችም ከግራ ጀምረው በጣታቸው ይቆጥራሉ፦ አንደኛው ሰኞ፣ ሁለተኛው ማክሰኞ። ለዓመታት ተሳስተውም አያውቁም። የዓይን ግፊት ነበረባቸው። የዓይን ሐኪሙ ከሌላ ከተማ በወር አንድ ማክሰኞ ብቻ ይመጣል፤ ያን ቀን ቀዶ ሕክምና ሊያደርግላቸው ቀጥሯቸው ነበር።

ክቡ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ነበር። አዴ ረቡዕ ሄዱ።

ከዚያ ወረቀቱን ይዘው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። "አንተ የምታውቅ ነህ፣ አንብብልኝ። ሐኪሙ ትናንት መጥቶ ሄደ ይሉኛል። ወላሂ ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርኩት።"

"ነርሷ ማክሰኞ አላለችዎትም?"

"ብላኛለች። አፏን አዳልጧት ነው ብዬ ወረቀቱን አመንኩ።"

ጣታቸውን የመጀመሪያዋ ሳጥን ላይ አድርገው "ሰኞ" አሉ።

"አዴ፣ ወረቀቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋ አሁን እሑድ ናት።"

"እሑድን ማን ፊት አምጣት አለህ?"

"ትክክሉ እሱ ነው።"

"ትክክል ይሁን" አሉ ወረቀቱን እያጠፉ። "ለጣቴ ግን አልነገርከውም።"

 

ሐኪሙ እስኪመለስ ባለው ወር ሰው ሳምንቱን ከየት እንደሚቆጥር እየዞርኩ ጠየቅኩ። ካህኑም ሼሁም እሑድን አስቀደሙ። መምህሩና የቢሮው ጸሐፊ ሰኞን አሉ። ከከተማው ወጣ ካለችው ከድሬ ጠያራ የመጣ ገበሬ ግን ሳቀብኝ፤ የእሱ ሳምንት የሚጀምረው ከገበያው ቀን ማግስት ነው። ሁሉንም ጻፍኩ። በኮምፒዩተሩ ውስጥም ቋንቋውና የሳምንቱ መጀመሪያ ለየብቻ የሚቀመጡበትን ቦታ ፈልጌ አገኘሁ። ቋንቋው ሲለወጥ መጀመሪያው ቀን ማንንም ሳይጠይቅ አብሮ እንደሚለወጥ፣ ስለዚህ ማንም ሰው ከማተሙ በፊት ወረቀቱን ለሚይዘው ሰው ማሳየት እንዳለበት መዘገብኩ።

ማክሰኞው ሲደርስ አዴን በባጃጅ ራሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን እንደጠፋ ነገረን። "አንዱ ወር ነው ያጠፋው?" አልኩት። "ቀድሞም ተጎድቶ ነበር። ወሩ ምን ያህል እንደጨመረበት ግን ማንም ሊነግርዎ አይችልም" አለኝ። የግራውን በዚያው ቀን ሠራው። አዴ ስለ ቀኙ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ያደረግኩት ይህ ነው፦

ቋንቋውን አማርኛ እንዳለ ትቼ ሰኞን ወደ ፊት መለስኩ፤ ሁለቱ እንደሚነጣጠሉ በዚህ ከተማ ከእኔ በፊት ያወቀ አላየሁም።

የእሑድን ሳጥኖች በሙሉ አጠቆርኩ፤ ፊደል የማያነብ ሰውም በረድፉ መጨረሻ ጥቁሯን እሑድ አይቶ ከየት መቁጠር እንደሚጀምር ያውቃል።

ስድስት ገጽ ጽፌ የኮምፒዩተሩን የአማርኛ ቅንብር ለሚያዘጋጁት ሰዎች ላክሁ። አልመለሱልኝም፤ ቅጂው ግን ክሊኒኩ ውስጥ ከኮምፒዩተሩ በላይ ተለጥፏል።

ነርሷን "ልክ ነበርሽ" አልኳት፤ ለማንም ብዬው አላውቅም።

አዲሱን ወረቀት ከመታተሙ በፊት ለአዴ ወሰድኩላቸው። በግራ ዓይናቸው እያዩ፣ ጣታቸውን እያሳረፉ፣ ሰባቱንም ሳይሳሳቱ ቆጠሩልኝ።